ከፕላኔቶቹ ሰንጠረዥ ሥር የጨመርኩት መስመር

ባለፈው ወር ካርቶን ልገዛ ሳዑዲ፣ ኹበር አል-ጀኑቢያ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ትንሽ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ የካርቶኑን ታች ለማሸግ ቡናማውን ፕላስተር ሲጎትተው ያ ጆሮ የሚበላ ድምፅ ወጣ፤ ከድምፁ ኋላ የሙጫው ሽታ ተከተለ። ትንሽ ጣፋጭ፣ ትንሽ የቤንዚን ዓይነት ሽታ ነው። ሰውየው ዋጋውን ነግሮኝ ሲጠብቅ እኔ እዚያ አልነበርኩም። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በተገለበጠ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ ቆሜ፣ ፕላስተር በጥርሴ እየቆረጥኩ ነበር።

በዚያ ዓመት የምንኖረው ደማም ከተማ፣ አል መዝሩዒያ ሰፈር ውስጥ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት። አባዬ የውሃ መኪና ሹፌር ነው። ባለ ሃያ ሊትሩን ጋሎን በየሱቁና በየፎቁ ሲያደርስ ይውልና ወገቡን ይዞ ይገባል። እማዬ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ታጸዳለች። የአካባቢው ሐበሻ ሁሉ ቤታችንን የሚያውቀው ግን በአንድ ነገር ነው፤ ሚዛን ነበረን።

ሚዛኑን አባዬ የገዛው ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ከሚሄድ የባንግላዴሽ ዓሣ ነጋዴ ነው። ክብ ፊት፣ አንድ ቀይ ቀስት፣ ከሥሩ ትልቅ መንጠቆ አለው። እስከ ሃምሳ ኪሎ ድረስ በግማሽ በግማሽ ኪሎ ይቆጥራል። አባዬ በኮሪደሩ አግድም ብረት አስገብቶ ሰቀለው። እማዬ በሎሚ አጠበችው፣ በኮምጣጤ አጠበችው፣ በበረኪና አጠበችው፤ የዓሣው ሽታ ግን አልወጣም። «ከእኛ ቤት የተመዘነ ሻንጣ አዲስ አበባ ሲከፈት ድመት ይሰበስባል» ትል ነበር።

ሰኔ ሲመጣ ሰው ወደ አገር መሄድ ይጀምራል፤ ገሚሱ ለዕረፍት፣ ገሚሱ የኹሩጅ፣ የመውጫ፣ ወረቀቱን ይዞ ጨርሶ ለመውጣት። አውሮፕላኑ የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱም ሃያ ሦስት ኪሎ ነው። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ቤታችን በሻንጣ ይሞላል። ጠዋት የእማዬ የጸሎት ጓደኞች ይሰበሰባሉ። መዝሙሩ ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ነው የሚዘመረው፤ ሙከይፉ፣ ማለትም ማቀዝቀዣው፣ ከዘማሪዎቹ በላይ ይጮኻል። እኔ ደግሞ የእግዚአብሔር ጆሮ ልክ ከጣሪያችን በላይ ስለሆነ መጮህ ነውር የሆነ ይመስለኝ ነበር። ከጸሎቱ በኋላ ሚዛን ይሆናል። አባዬ ሻንጣውን ይሰቅላል፣ እኔ ሣጥኔ ላይ ቆሜ ቀስቱን አነባለሁ። ድምፄ ስለማይሰማ አባዬ አንድ ዘዴ ፈልጎልኝ ነበር፤ ቁጥሩን ፕላስተር ላይ ጽፌ ሻንጣው ላይ እለጥፋለሁ። ከማንም ጋር ሳልነጋገር ለሁሉም የማስፈልግበት ሥራ ነበርና በጣም እወደው ነበር።

በዚያው ወር፣ ትምህርት ሊዘጋ ሳምንታት ሲቀሩት፣ የሳይንስ አስተማሪያችን ሚስ ሻሊኒ አንድ ሚዛን ይዛ ክፍል ገባች። ከእኛው ጋር አንድ ዓይነት ነበር፤ ያነሰ፣ ዓሣም የማይሸት። የአንዱን ልጅ ቦርሳ ሰቀለችበትና «ስንት ነው?» አለች። አራት ኪሎ ነበር።

«እዚህ አራት ነው» አለች። «ይህንኑ ቦርሳ በዚሁ ሚዛን ጨረቃ ላይ ብንሰቅለው ቀስቱ አንድ ኪሎ እንኳን አይደርስም። ቦርሳው ውስጥ ያሉት መጻሕፍት አልቀነሱም። ጨረቃ ከምድር ስለምታንስ የምትስበው በትንሹ ነው። በሚዛኑ ውስጥ ያለው ሞላ የሚለጠጠው በተሳበበት ልክ ነው።»

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ ጻፈች። ጨረቃ፣ አንድ ስድስተኛ። ማርስ፣ ከሲሶ ትንሽ ከፍ ያለ። ቬነስ፣ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። ጁፒተር፣ ሁለት ተኩል። እዚህ ያለሽን ክብደት በዚያ ቁጥር ስታባዢው እዚያ የሚኖርሽ ክብደት ይወጣል።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደብተሬን ይዤ ወደ ቤት ሮጬ አላውቅም። ክብደት የዕቃው ብቻ እንዳልሆነ፣ ዕቃው ያለበትም ቦታ ድርሻ እንዳለው፣ እንግዲህ በቤታችን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በሚቀጥለው ዓርብ ሚዛኑ ሥር ወረፋ የያዙት ሻንጣዎች ብቻ አልነበሩም። እማዬ ስለ ሰንጠረዡ አውርታ ኖሮ፣ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው የወሎዋ ሰዓዳ መጥታ ፊቴ ቆመች።

«እኔ ስልሳ ስድስት ነኝ» አለች። «ጨረቃ ላይ አድርሺኝ እስቲ።»

ጽፌ አሳየኋት። አሥራ አንድ።

«ወላሂ? አሥራ አንድ?» ወደ እማዬ ዞረች። «በይ ሰናይት፣ እዚያ ቤት የሚያከራይ ካለ ጠይቂልኝ። ደረጃውን በአንድ እግሬ ነው የምወጣው።»

«ባልሽስ?» አለቻት እማዬ።

«እሱ ጁፒተር ላይ ይቅር። እንደዚያ ከከበደ ከሶፋው ባለመነሳቱ አልወቅሰውም።»

ያን ቀን ነው እትዬ ብርቄ የመጣችው። እትዬ ብርቄ የእማዬ የረጅም ጊዜ ወዳጅ ናት፤ የደብረ ብርሃን ሰው፣ ኹበር አል ሒዛም አል-አኽደር ሰፈር ውስጥ በአንድ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠራች። ኦርቶዶክስ ስለሆነች እማዬና ጓደኞቿ ሲጸልዩ ማድ ቤት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ሲጨርሱ «አሜን በሉና ውጡ፣ ሻይ ፈልቷል» ትላቸዋለች። እሷም ሰንጠረዤን ስታይ የራሷን አልጠየቀችም።

«አሠሪዬን፣ ማዳምን ስሪልኝ» አለች። «መቶ ኪሎ በዪ፤ ብዙም አልተሳሳትኩም።»

«ጁፒተር ላይ ሁለት መቶ ሃምሳ» ብዬ ጻፍኩ።

እትዬ ብርቄ ቁጥሩን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሆና ‹ብርኪ! ብርኪ!› ስትል አሰብኳት» አለችና እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ «ግን ክፉ አይደለችም። እግዜር ይስጣት፣ ማሽኑን እኮ ሰጠችኝ» አለች።

ማሽኑ የልብስ ስፌት ማሽን ነው። ማዳሟ አንድ ጊዜ ልስፋ ብላ ገዝታ፣ አንድ ትራስ ሰፍታ ትታው ነበር። እትዬ ብርቄ በማረፊያ ሰዓቷ መጀመሪያ የራሷን ቀሚስ፣ ቀጥሎ የቤቱን ሴት ልጆች ዓባያ ማሳጠር ጀመረች። ኋላ ላይ የጎረቤት ሴቶች ሳይቀሩ ልብሳቸውን ይዘው በማድ ቤቱ በር ይመጡ ነበር። ኹሩጇ ሲወጣ ማዳሟ «ውሰጂው፣ ያንቺ ነው» አለቻት። ደብረ ብርሃን እህቷ ቤት መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ተጠርጋ እየጠበቀቻት ነበር።

«ይህን ማሽን ይዤ ከገባሁ ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች ለእማዬ። «ያለ ማሽን ከገባሁ በስድስት ወር ውስጥ ሌላ ቪዛ ፈልጌ ተመልሼ የሰው ቤት ነኝ። ራሴን አውቀዋለሁ።»

ይህን ስትል እኔ ከሣጥኔ ላይ ነበርኩ። ተመልሳ ብትመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ አነጋገሯ ግን ደስ ሊለኝ እንደማይገባ ነገረኝ።

እኔ ኢትዮጵያን አይቻት አላውቅም። የተወለድኩት ደማም ነው። ስለ አገራችን የማውቀው ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ የሰማሁትን ብቻ ነው፤ እነሱ ሲያወሩ ደግሞ አገሪቱ ከዚህ ዓለም ውጭ ያለች ትመስላለች። እዚያ ውሃው ሌላ ነው፤ አየሩ ሌላ ነው፤ እንቅልፉ እንኳን ሌላ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፍ ያለች ናት። አባዬ «አገራችን እኮ ከዚህ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ትላለች» ሲል ወደ ጣሪያው ያመለክት ነበር። እንግዲህ ሚስ ሻሊኒ ሰንጠረዡን ከጻፈች ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሆዴ ውስጥ ገብቶ አላስቀምጥ አለኝ።

ጥያቄውን ለመጠየቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ሁሉ ሲወጡ ሚስ ሻሊኒ ጠረጴዛ አጠገብ ቆምኩ። ቀና ብላ እስክታየኝ ድረስ ጠበቅኩ።

«ሚስ፣ ክብደት በሁሉም አገር እኩል ነው?»

በጣም ደስ አላት። «አይደለም! ጥሩ ጥያቄ ነው። ከፍ ያለ ተራራ ላይ ዕቃ ትንሽ ይቀላል።»

አመስግኜ ሮጥኩ። «ትንሽ ማለት ስንት ነው?» ብዬ አልጠየቅኩም። ለዚያኛው ጥያቄ ድፍረት ለማጠራቀም ሌላ ሦስት ቀን ያስፈልገኝ ነበር።

ስለዚህ ራሴ ላጣራው ወሰንኩ። መጀመሪያ አባዬን ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ አገር ቤት እያለህ ምን ያህል ትሸከም ነበር?»

«እኔ?» አለ አባዬ፤ ወገቡን በፎጣ አስሮ ተኝቷል። «ከወፍጮ ቤት እስከ ቤታችን ኩንታል ጤፍ በትከሻዬ! ሳላርፍ! እዚህ ይኸው አንድ ጋሎን ውሃ ገደለኝ።»

መቶ ኪሎ እዚያ፤ ሃያ ኪሎ እዚህ። ጻፍኩት። ከዚያ እማዬን ማድ ቤት አገኘኋት።

«ሃያ አምስት ሊትር ጀሪካን አዝዬ ዳገት እወጣ ነበር» አለች። «ሳላስበው! አሁን አምስት ኪሎ ሽንኩርት ሦስት ፎቅ ሳወጣ ትንፋሼ ይቆረጣል።»

ሃያ አምስት እዚያ፤ አምስት እዚህ። ሁለቱም ምስክሮች ሳይነጋገሩ አንድ ቁጥር ሰጡኝ። እንደነሱ አባባል ኢትዮጵያ ውስጥ ዕቃ ሁሉ የክብደቱን አንድ አምስተኛ ብቻ ይመዝናል፤ ከጨረቃ ብዙም አትርቅም ማለት ነው። እኔ ግን ጠንቃቃ ልጅ ነበርኩ። አባዬ ሲያወራ ትንሽ እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ እማዬም ብትሆን ቅድስት አይደለችም። ሚስ ሻሊኒ ደግሞ «ትንሽ» ነው ያለችው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ከጁፒተር ሥር አንድ መስመር አሰመርኩና በጥሩ እጅ ጽሑፌ ጻፍኩ፤ ኢትዮጵያ፣ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። ከቬነስ ጋር እኩል። ማንንም የማያስቀይም ቁጥር መሰለኝ።

እትዬ ብርቄ ለመጨረሻ ጊዜ ሻንጣዋን ልታስመዝን የመጣችው በሚቀጥለው ዓርብ ነው። በረራዋ እሑድ ከሰዓት ነበር። አንደኛው ሻንጣ ደህና ነው፤ ሃያ ሁለት ተኩል። ሁለተኛው ማሽኑ ያለበት ነው። አባዬ ሰቀለው። ቀስቱ ተንቀጥቅጦ ሃያ አምስት ተኩል ላይ ቆመ። አባዬ ግን ቀስቱን ሳያይ፣ ከታች ሰው ስለጠራው ሌላ ሻንጣ ሊቀበል ወረደ፤ እማዬ ማድ ቤት ናት። እኔና እትዬ ብርቄ ብቻ ቀረን።

ሻንጣውን አውርዳ ከፈተችው። ለእናቷ የገዛችውን ብርድ ልብስ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠች። የወንድሟን ካፖርት አነሳች፤ ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ መልሳ አስቀመጠች። የእህቷን ልጆች ጫማ፣ ሹራቦቹን፣ ሻምፖውን። እያንዳንዱ ዕቃ የሚጠብቀው ሰው አለው። በመጨረሻ ማሽኑን በሁለት እጇ አወጣችና ወለሉ ላይ አኖረችው። መንኮራኩሩን አንድ ጊዜ በጣቷ አዞረችው።

«ኸላስ» አለች። «ይቅር።»

«እትዬ ብርቄ፣ መልሺው» አልኩ።

«ሁለት ተኩል ትርፍ አለው እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«እሱ የደማሙ ነው።» ደብተሬን አመጣሁና የመጨረሻውን መስመር አሳየኋት። «ሻንጣው የሚሄደው ኢትዮጵያ ነው። እዚያ ሲደርስ...» አባዛሁት። «ሃያ ሁለት ነጥብ ዘጠኝ አምስት።»

እትዬ ብርቄ ደብተሩን አየች፣ እኔን አየች። ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም።

«እውነትሽን ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኔም አገሬ ሳለሁ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።»

ማሽኑን መልሳ በብርድ ልብሱ ጠቀለለችው። እኔ ፕላስተሩን ቆርጬ ቁጥሩን ጻፍኩና ለጠፍኩ። መዋሸቴ አልነበረም። ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው የሚደርስበት አድራሻ እንጂ የተላከበት አይደለም፤ ሻንጣም እንዲሁ ነው ብዬ ነበር። አባዬ ሲመለስ ፕላስተሩን አነበበ።

«ነጥብ ዘጠኝ አምስት!» አለ። «ይህ የዓሣ ሚዛን እንዲህ መንጥሮ ማንበብ ጀመረ እንዴ? ጎበዝ ልጅ።»

እሱን ለምን ላርመው? አመስግኖኛል።

እሑድ ካፊሏ፣ ቪዛዋ በስሙ የሆነው አሠሪዋ፣ ፓስፖርቷንና ወረቀቷን ለአባዬ ሰጥቶ «አንተ አድርሳት» ስላለው በአባዬ መኪና አውሮፕላን ማረፊያ ሄድን። እማዬ ሥራ ነበረች። ከውጭ ሙቀቱና እርጥበቱ በሰው መነጽር ላይ ይዘንብ ነበር፤ ውስጡ ግን ቀዝቃዛ፣ ሰፊና የሚያብለጨልጭ ነው። ወረፋችን ሲደርስ አንድ ወጣት ሳዑዲ የመጀመሪያውን ሻንጣ ተቀበለ። ሃያ ሁለት ተኩል። አባዬ በኩራት ወደ እኔ ጠቀሰ። ሁለተኛው ወጣ። የሚዛኑ ትንሽ መስኮት ላይ ቀያይ ቁጥሮች በሩ፤ ሃያ አምስት ነጥብ አምስት።

«ትርፍ አለው» አለ ልጁ። «ወይ ክፈሉ፣ ወይ አውጡ።»

እትዬ ብርቄ የነበራትን ገንዘብ ሁሉ አስቀድማ ልካ ጨርሳለች። አባዬ ፕላስተሩን አየ፤ መስኮቷን አየ።

«አበስኩ ገበርኩ! ያ የዓሣ ነጋዴ አታለለን» አለ። «የሰዓዳም ሻንጣ ተበላሽቷል ማለት ነው! የስንቱን ሰው ሻንጣ ነው የመዘንኩት! ዛሬ እቤት ስገባ ያን ሚዛን በመስኮት ነው የምወረውረው።»

ያኔ ገባኝ። ዝም ብል ጥፋቱ የሚዛኑ ይሆናል፤ ማንም አያውቅም። እግሬ ግን ወደ አባዬ ወሰደኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አልሰማሁሽም፣ ጮክ በይ!»

«የኢትዮጵያን ክብደት ነው የጻፍኩት!» አልኩ፤ ለካ ጮኼ ኖሯል፤ ወረፋ ላይ የነበረው ሐበሻ ሁሉ ዞረ።

አባዬ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ስለ ሰንጠረዡ፣ ስለ ኩንታሉ ጤፍ፣ ስለ ሽንኩርቱ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ግራ ገባው። «አንቺ ልጅ፣ የሰው እንጀራ ነው እኮ...» ብሎ ጀመረ።

«ተዋት ጋሽ ታደሰ!» አለች እትዬ ብርቄ። «እኔም አምኛት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሸክምሽን ላቅልልሽ ያለችኝ ይህች ልጅ ብቻ ናት።»

ወጣቱ ሳዑዲ ትዕግሥቱ አለቀ። «ሙሽኪላው ምንድን ነው?» አለ፤ ችግሩን ማለቱ ነው። የአባዬ ዓረብኛ የውሃ ዓረብኛ ነው፤ ስንት ጋሎን፣ ስንተኛ ፎቅ። ስለ ስበት የሚሆን ቃል አልነበረውም። ሁለቱም እኔን አዩኝ። ከባንኮኒው ጫፍ በላይ የሚታየው ግንባሬ ብቻ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ በዓረብኛ አስረዳሁት።

ልጁ አዳመጠኝ። ከዚያ ጎኑ ላለው ባልደረባው፣ «ይህች ሐበሻ አገር ዕቃ ይቀላል ትላለች» አለው።

«ታዲያ እዚያ ይመዝኑት» አለ ባልደረባው፤ ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው ክፉ አልነበረም። ልጁ ሻንጣውን ወደ ጎን አደረገና «አሥር ደቂቃ» አለን። «ወረፋችሁን እይዝላችኋለሁ።»

ሻንጣውን ወለሉ ላይ ከፈትነው። ምን እንደምናወጣ ገና ሳንነጋገር ከወረፋው አንዲት ሴት፣ ቀጥላም ሌላ ሴት መጥተው አጠገባችን ቁጢጥ አሉ። ማናቸውንም አላውቃቸውም። አንደኛዋ ካፖርቱን አነሳችና ጨበጠችው።

«ይኸው መድኃኒቱ» አለች። «ልበሺው።»

«በዚህ ሙቀት?»

«እህቴ፣ እኔን እዪኝ እስቲ!» ዓባያዋን ገለጥ አደረገች። ከሥሩ ሦስት ቀሚስና አንድ የወንድ ጃኬት ነበር። «አምና እንዲያውም የአንሶላ ስብስብ ታጥቄ ነው የገባሁት።»

እትዬ ብርቄ ካፖርቱን ለበሰች። ሻንጣውን ስንመልሰው መስኮቷ ሃያ አራት አለች። ከካፖርቱ ሥር ሁለቱን ሹራቦች ደረበች፤ ሃያ ሦስት ነጥብ ሦስት። ሴቶቹ በአንድ ድምፅ «ትንሽ! ትንሽ!» አሉ። አባዬ ጎንበስ ብሎ ከማሽኑ የእግር መርገጫውን ከነገመዱ ፈትቶ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ጨመረው።

ሃያ ሦስት። ድፍን ሃያ ሦስት።

አንዷ እልል ልትል ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። ወጣቱ ሳዑዲ እትዬ ብርቄን ከላይ እስከ ታች አያት። «ቅድም ቀጭን ነበረች» አለኝ፤ እንዳልተረጉምላት በጣቱ ምልክት ሰጥቶኝ በሻንጣው ላይ ወረቀቱን አሰረ። ሻንጣ የሚያጓጉዘው ጎማ ተሽከረከረና ማሽኑ ከዓይናችን ተሰወረ።

እኔ እዚያ ቆሜ በጣም የሚያስደንቅ ነገር እያሰብኩ ነበር። ካፖርቱ ሻንጣ ውስጥ ሳለ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። እትዬ ብርቄ ላይ ሲሆን ዜሮ ነው፤ ሰውን የሚመዝን የለምና። እንደዚህ ያለ ቦታ በሚስ ሻሊኒ ሰንጠረዥ ላይ አልነበረም፤ ጨረቃ እንኳን አትደርስበትም።

እትዬ ብርቄ ስትሰናበተኝ ልትስመኝ ብትል መታጠፍ አቃታት። አባዬ በብብቴ ይዞ ወደ ላይ አነሳኝ። ፊቷ በላብ ርሷል፤ ሹራቡ የአዲስ ልብስ ሽታ ይሸታል። «ስደርስ እመዝነዋለሁ» አለችኝ በጆሮዬ። «ማን ልክ እንደሆነ እናያለን።»

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ትክክለኛውን ስሌት ስሠራው ለካ ሚስ ሻሊኒ ልክ ነበረች፤ እኔም ቢሆን ጨርሶ አልተሳሳትኩም። አዲስ አበባ ከፍ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ስለሆነች አንድ ዕቃ እዚያ ከደማም በእርግጥ ይቀላል። ያን የሚያህል ሻንጣ የሚቀለው ግን ሠላሳ አምስት ግራም ገደማ ነው። አንድ እንቁላል እንኳን አይሞላም። የእኛ የዓሣ ሚዛን ቀስት ለዚህች ስንዝር አይደለም፣ ፀጉር ታህልም አይነቃነቅም ነበር።

በዚያ ሰሞን ግን ይህን አላወቅኩም፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የስልክ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ ስልኩ እሮጥ ነበር። ማሽኑ ተሰብሮ ይሆን? ፍተሻ ላይ ቀርቶ ይሆን? አባዬ ሚዛኑን አልወረወረውም፤ እኔንም ከሥራዬ አላባረረኝም። ቁጥሩን ከጻፍኩ በኋላ ግን «የየት አገር ነው?» እያለ ሳይጠይቀኝ አያልፍም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ስልክ አነሳች። «ሃሎ? ሃሎ?» አለች። ፊቷ ተኮሳተረ፤ ከዚያ ተፈታ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

ሰው አልነበረም። ጠጠጠጠጠ የሚል ፈጣን ድምፅ ብቻ፤ ይቆማል፣ ይዞራል፣ እንደገና ጠጠጠጠጠ።

«ሰማሽው?» አለች እትዬ ብርቄ ከሩቅ። ስልኩን ከማሽኑ ጎን አስቀምጣው ነበር መሰለኝ።

«ሰማሁት።»

«የእህቴ ጎረቤት ልጅ ዩኒፎርም ነው፤ ትምህርት ሲከፈት ትለብሰዋለች። በሩ ላይ ሁለት ሰው ቆሟል። አትዝጊው፣ ይቺን ጠርዝ ልጨርስና እናወራለን።»

ጠርዙ አለቀ፤ ሌላ ጠርዝ ተጀመረ። አንድም ቃል ሳንነጋገር፣ ካርዷ እስኪያልቅ ድረስ ሰፋች።